ከድንች የስኳር ፎስፌት ማውጣት፦ ከአራት ኪሎ ቤተ ሙከራ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ግሉኮስ-1-ፎስፌት (ፎስፌት የታሰረበት ግሉኮስ) ከውጭ ለማስመጣት ስንት ደብዳቤ እንደሚጻፍና ስንት ወር እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ሰው፣ ይኸው ዕቃ አንድ ኪሎ ከማይሞላ ድንች ይወጣል ሲባል ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ግን አራት ኪሎ አካባቢ በምሠራበት የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ከተማሪዎች ጋር እየደጋገምን ስላወጣነው ሳቁ ቀርቶልኛል። መመሪያው የተጻፈው ሚዛን፣ የፒኤች መለኪያና የማጥለያ ፈነል ለለመደ ሰው ነው። በወጥ ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ የሚወጣውም አይበላም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ሥራ ውስጥ ኢንዛይሙ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ድንቹ የሚያደርገውን ያውቃል። ሰው የሚሸነፈው ከዚያ በኋላ፣ የተሠራውን የስኳር ፎስፌት ከተረፈው ፎስፌት ልለይ ሲል ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ፈጠን፣ መለየቱ ላይ ደግሞ ዘግየት እላለሁ።

መንገዱን ስለ መምረጥ

ስኳር ላይ ፎስፌት ለማሰር ጉልበት ያስፈልጋል። ሕዋስ ውስጥ ይህን ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው የጉልበት ተሸካሚው ሞለኪውል ኤቲፒ ነው፤ ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ማግኒዥየም ባለበት ከኤቲፒ አንድ ፎስፌት ወስዶ ለግሉኮስ ያስረክብና ግሉኮስ-6-ፎስፌት ይገኛል። በሰሌዳ ላይ ሲሳል ያምራል። ችግሩ ለእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል አንድ የኤቲፒ ሞለኪውል መውጣቱ ነው። ፎስፌቱን ሰጥቶ የተራገፈውን ኤዲፒ መልሶ የሚሞላ ሁለተኛ ኢንዛይም፣ ለምሳሌ አሴቴት ካይኔዝን ከአሴታይል ፎስፌት ጋር፣ አብራችሁ ካላስገባችሁ በቀር ነገሩ ለአንድ ዶሮ ወጥ በሬ እንደ ማረድ ነው።

እኛ የምንሄድበት መንገድ ኤቲፒ አይጠይቅም። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶችን እርስ በርስ ያያያዘው ትስስር ራሱ ጉልበት አለው። አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ትስስሩን በውኃ ሲቆርጠው ጉልበቱ ይባክናል፣ የሚቀረው ተራ ስኳር ነው። ፎስፎሪሌዝ ግን በውኃ ፈንታ በፎስፌት ይቆርጠዋል፤ ከሰንሰለቱ ጫፍ የሚለቀቀው እያንዳንዱ ግሉኮስ ፎስፌቱን ይዞ ይወጣል። ያ ፎስፌት ደግሞ በኪሎ የሚሸጠው ርካሹ የፖታስየም ፎስፌት ነው።

እንዲህ የሚወጣው ግሉኮስ-1-ፎስፌት ነው፤ ሌላ ስሙ የኮሪ ኤስተር ነው። ካርልና ገርቲ ኮሪ የተባሉት ባልና ሚስት በ1936 እ.ኤ.አ. ከጡንቻ አገኙት፤ በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲካፈሉ ገርቲ በሕክምናው ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ሆነች። ድንችም ፎስፎሪሌዝ እንዳለው ያሳየው ባዮኬሚስቱ ሄንስ ነው፣ በ1940 እ.ኤ.አ.። ድንች ራሱ ወደ አገራችን የገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. አምጥቶት ነው ይባላል፤ እንግዲህ የጥሬ ዕቃ ሰበብ የለንም።

ድንቹን መግዛት

አዲስ፣ ጠንካራ፣ ያልበቀለና ያልአረንጓዴ ድንች ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ዝርያው ጉደኔም ሆነ ጃለኔ ግድ የለም፤ ግድ የሚለው አያያዙ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰነበተ ድንች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ያ ስኳር ደግሞ በመጨረሻ ምርመራችሁ ላይ ገብቶ ያሳስታችኋል። ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት ከጉልት ይገዛ። እኔ የምገዛባቸው እናት መጀመሪያ ቀን አንድ በአንድ እያገላበጥሁ ስመርጥ አይተው፣ «ለወጥ ነው ለጥብስ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ለቤተ ሙከራ ነው፣ እትዬ።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ትንንሹን ውሰድ፣ ለፈተና ትልቁን ምን ያደርግልሃል» ብለው ከሥር ከሥሩ መረጡልኝ። ትክክል ነበሩ፤ ትንንሹ ጥሩ ጭማቂ ሰጠ።

ሥራውን ሐሙስ ጠዋት ጀምሩ። የጭማቂው፣ የስታርቹና የፎስፌቱ ድብልቅ ከ24 ሰዓት ብዙ አልፎ መቆየት ስለሌለበት ዓርብ የጀመረ ሰው ቅዳሜን ከድንች ጋር ያሳልፋል።

ጭማቂውን ማውጣት

ድንቹን ላጡና በስሱ ክተፉ። ወዲያው አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ሶዲየም ዳይታዮናይት ባሟሟችሁበት ፈሳሽ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ይህ ድንቹ እንዳይጠቁር ነው፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ከሌላ ኢንዛይም ሲሆን ፕሮቲኖችን አጣብቆ ያበላሻል። የዳይታዮናይቱን ዱቄት ከእርጥበት ጠብቁት፣ እርጥብ ማንኪያ ሲገባበት ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል።

ዘፍዛፊውን አፍስሱና ድንቹን በ250 ሚሊ ሊትር በረዶ በነካው የተጣራ ውኃ በጭማቂ መፍጫ ለአንድ ደቂቃ ፍጩ። ከዚያ በላይ አትፍጩ፣ ይሞቃል። በድርብ ሻሽ ጨምቁት፣ ጭማቂውን በረዥም ብርጭቆ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ነጩ ስታርች ከታች እንደ ኖራ ይረጋል፤ ከላይ ያለውን ብጫማ ፈሳሽ ሳትነቀንቁ ቅዱ። ሴንትሪፊውጅ ካለ የተሻለ። ኢንዛይማችሁ ይህ ነው፣ 350 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ በበረዶ ላይ አኑሩት። ለነገ አይባልም።

ማዋሐድ

ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው ስታርቹ ነው፦ 20 ግራም የሚሟሟ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ በሚፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱ፣ ጠቅላላውን 400 ሚሊ ሊትር አድርሱ። የሚሟሟ ስታርች ከሌለ ከድንቹ የረጋውን አጥባችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ግን እንደ ገንፎ ስለሚወፍር መጠኑን ወደ 10 ግራም አውርዱ። ሁለተኛው ፎስፌቱ ነው፦ 21.8 ግራም ዳይፖታስየም ሃይድሮጅን ፎስፌትና 17 ግራም ፖታስየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ። ሁለቱ በሞል እኩል በመሆናቸው ፒኤቹ 6.7 አካባቢ በራሱ ይቆማል። ሦስተኛው ጭማቂው።

ስታርቹ እጅን የማያቃጥል ብቻ ሳይሆን ከ30 ዲግሪ በታች መውረዱን በቴርሞሜትር አረጋግጡ። ተማሪ ቸኩሎ በሙቁ ላይ ጭማቂውን ሲደፋው ኢንዛይሙ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ በማግስቱ ያልተነካ ስታርች ይዞ ይቀመጣል። ሦስቱን ቀላቅላችሁ ፒኤቹን ለኩ፣ ባክቴሪያ እንዳይገባ 3 ሚሊ ሊትር ቶሉን ጨምሩ፣ ከድናችሁ በጭስ ማውጫ ሳጥን ውስጥ አሳድሩት። የአዲስ አበባ የክፍል ሙቀት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ማሞቂያ አያስፈልግም። ክረምት ከሆነ ጥቂት ሰዓት ጨምሩለት።

ፒኤቹን ከ6 በታች አታውርዱ። ድንች ፎስፌትን ከስኳር መልሶ የሚነጥቅ ፎስፋቴዝም አለው፤ እርሱ አሲዳማውን ይወዳል።

ምን ያህል ይጠበቃል? ምላሹ ወደ ሙሉ አይሄድም። በዚህ ፒኤች ሚዛኑ የሚቆመው ከፎስፌቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ወደ ስኳር ፎስፌት ሲለወጥ ነው፤ ፎስፌቱን ከስታርቹ አብልጠን የምናበዛውም ለዚህ ነው። በሊትሩ ውስጥ ሩብ ሞል ፎስፌት አለ፣ እንግዲህ ቢበዛ 0.05 ሞል ምርት፣ በክሪስታል ክብደት ወደ 18 ግራም ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። እኛ አምስት ግራም ባገኘን ቀን ሻይ እንጋበዛለን።

በማግስቱ አንዲት ጠብታ በአዮዲን ሞክሩ። መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ወደ ወይን ጠጅነት ካዘነበለ ሰንሰለቱ አጥሯል። በአዮዲኑ ብቻ ግን አትመኑ፣ የድንቹ አሚሌዝም ይህንኑ ቀለም ይሰጣል። የፎስፌቱን መቀነስ በሞሊብዴት (ከታች በሚመጣው የቀለም ምርመራ) መለካት የበለጠ እውነት ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ

መጀመሪያ ቶሉኑ ያለበትን ፈሳሽ በጭስ ማውጫው ሥር፣ እሳት በሌለበት፣ በውኃ ገንዳ ቶሎ አሙቁና ወደ 90 ዲግሪ አድርሳችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዩ። ፕሮቲኑ ይረጋል። በበረዶ አቀዝቅዙና አጥልሉ።

ከዚያ ዋናው እርምጃ፦ 50 ግራም ማግኒዥየም አሴቴት በጠለለው ፈሳሽ ውስጥ አሟሙ፣ ፒኤቹ 8.5 እስኪደርስ አሞኒያ እያንጠባጠባችሁ አማስሉ። የተረፈው ፎስፌት ከማግኒዥየሙና ከአሞኒያው ጋር ተጣምሮ እንደ ደቃቅ አሸዋ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀምጡና አጥልሉ። ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ነጭ ዱቄት ማጥለያው ላይ ስታዩ ምርቱ መስሏችሁ እንዳትደሰቱ፤ ምርቱ ከታች ባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማጥለያውን በክብር አስቀምጦ ፈሳሹን ወደ መታጠቢያው የደፋ ተማሪ ነበረ። ነጩ ዱቄት በደንብ ከታጠበ ለአበባ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፣ እኛ በር ላይ ላለው ጽጌረዳ እንሰጠዋለን።

ማግኒዥየም ሰልፌት ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን አሴቴት ትላላችሁ? ኋላ አልኮል ሲጨመር ፖታስየም አሴቴት ሟሟ ሆኖ ይቀራል፣ ፖታስየም ሰልፌት ግን ከምርቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። እዚህ የተቆጠበች ብር እዚያ በእጥፍ ትከፈላለች። በድሮ መጻሕፍት ያለው የባሪየም ዘዴም ይሠራል፤ ነገር ግን ባሪየም መርዝ ነው፣ ቆሻሻውን የት ትደፉታላችሁ? ተዉት።

ፎስፌቱ ማለቁን ለማወቅ በ1925 እ.ኤ.አ. ፊስክና ሱባሮው ያወጡትን የሞሊብዴት ዘዴ ተጠቀሙ፤ ነጻ ፎስፌት ካለ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። ፈሳሹ አሲድ ስለሆነና ሞሊብዴቱም ስለሚያግዘው ከቆየ የእናንተኑ ስኳር ፎስፌት እየሰበረ ሰማያዊውን ያጎላዋል፤ እናንተም ጽዱውን ቆሻሻ ነው ብላችሁ ማግኒዥየም ትደግማላችሁ።

ቀጥሎ ያልተቆረጠውን ስታርች ማጥፋት አለባችሁ፣ ያለዚያ አልኮሉ እንደ ሙጫ ያወርደዋል። ፒኤቹን በአሴቲክ አሲድ ወደ 6.5 መልሱና የተገዛ ንጹሕ አሚሌዝ ጨምሩ፤ አዮዲን ቀለም መስጠት እስኪያቆም ሁለት ሦስት ሰዓት በቂ ነው። እዚህ ላይ የሚመጣውን ፈተና አውቀዋለሁ፦ ብቅል በየሱቁ አለ፣ ብቅልም አሚሌዝ ሞልቶታል። ለጠላው ይሁን። ብቅል ፎስፋቴዝም አለው፤ ሁለት ቀን የደከማችሁበትን በአንድ ከሰዓት ይበላዋል።

አሚሌዙ ሲጨርስ ፒኤቹን በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 8.5 አውጡና ፈሳሹን በተቀነሰ ግፊት፣ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ወደ 150 ሚሊ ሊትር አሳንሱ። አሞኒያው እዚህ ስለሚወጣ አፍንጫችሁን አርቁ። በዚህ ፒኤች መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፣ ምንም አይሆንም።

አሲድ ቢሆን ግን ሌላ ነው፤ ይህን በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ድሮ በመጽሐፉ መሠረት ፈሳሹን በሃይድሮጅን መልክ ባለ ካታዮን ሬዚን (አዎንታዊ አዮኖችን የሚለዋውጥ ቅንጣት) አሳልፌ፣ አሲድ ሆኖ ሳለ ላሳንሰው ስል መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። አውቃለሁ ባይ ሆኜ ፍላስኩን በጋዝ ምድጃ በሚፈላ ውኃ ላይ አኖርሁትና ወደ ምሳ ሄድሁ። ተመልሼ እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ሲያገኝ በሚቀላው በቤኔዲክት ፈሳሽ ብሞክረው የሸክላ ቀይ ሆነ፤ ማለትም ፎስፌቱ ወድቆ ተራ ግሉኮስ ቀርቶልኛል። አሲዱ ብቻውን በቅዝቃዜ ብዙ አይጎዳውም፣ ሙቀቱም ብቻውን በገለልተኛ ፒኤች ለአጭር ጊዜ አይጎዳውም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ።

ስለዚህ አሁን የምጠቀመው በፖታስየም መልክ ያለ ሬዚን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ባሳነሳችሁት 150 ሚሊ ሊትር ላይ ሦስት እጥፍ ኤታኖል እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ኤታኖሉ ከፊንጫ ወይም ከመተሐራ የሚመጣው የስኳር ፋብሪካ አልኮል ሊሆን ይችላል፣ ዋናው 96 ወይም 97 በመቶ መሆኑ ነው። አረቄ አይተካውም፣ ተጠይቄ ስለማውቅ ነው። አሳድራችሁ አጥልሉ፣ ዝቃጩን በ60 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙ። ቡናማ ከሆነ ግማሽ ግራም የተጣራ ከሰል ነክራችሁ አጥልሉ፤ ከዚያ በላይ ከሰል ምርቱንም ይይዛል።

ሬዚኑን (50 ሚሊ ሊትር ያህል ጠንካራ ካታዮን ሬዚን) ቀደም ብላችሁ በአንድ ሞላር ፖታስየም ክሎራይድ አሳልፉና ክሎራይዱ በብር ናይትሬት እስከማይታይ ድረስ በውኃ እጠቡት። ፈሳሻችሁን በዝግታ አሳልፉ። ሬዚኑ ማግኒዥየሙን ይዞ በምትኩ ፖታስየም ይለቃል፣ ፒኤቹ ሳይነቃነቅ። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ተከታትላችሁ አጥቡ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ 50 ሚሊ ሊትር አሳንሱ፣ ፒኤቹ 8.5 መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። ኤታኖሉን በጠብታ ጨምሩ። መጀመሪያ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ይደፈርስና ሲነቀነቅ ይጠራል፤ ይደፈርሳል፣ ይጠራል። መጥራቱን ያቆመ ጊዜ ቁሙ። የብርጭቆውን ጎን ከውስጥ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ አድርጉትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ላይ ከታች የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ካያችሁ ክሪስታል ነው። እንደ ማር ዘይታማ ሆኖ ከወረደ አልኮሉ ፈጥኗል፤ ጥቂት ውኃ ጨምራችሁ ለብ አድርጉና እንደገና ጀምሩ። ክሪስታሉን አጥልላችሁ በቀዝቃዛ ኤታኖል አጥቡ፣ በአየር አድርቁ። ምድጃ ውስጥ አታግቡት፣ በውስጡ የያዘውን ሁለት ሞለኪውል ውኃ ያጣና የሚዛን ስሌታችሁ ይፋለሳል።

እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ

ግሉኮስ-1-ፎስፌት የቤኔዲክትን ፈሳሽ አይለውጥም፤ ግሉኮስም ግሉኮስ-6-ፎስፌትም ይለውጣሉ። ስለዚህ ቅንጣት ክሪስታል አሟሙና ሞክሩት፣ ሰማያዊ ሆኖ መቅረት አለበት። ከዚያ ሌላ ቅንጣት በአንድ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አብስላችሁ፣ አሲዱን ገለልተኛ አድርጋችሁ መልሳችሁ ሞክሩ፤ አሁን የሸክላ ቀይ መሆን፣ ሞሊብዴቱም ሰማያዊ መስጠት አለበት።

መጻሕፍት ሁሉ ለዚህ ሰባት ደቂቃ ይላሉ። ሰባት ደቂቃው በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውኃ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የምላሹም ፍጥነት ከግማሽ በታች ይወርዳል። እዚህ 20 ደቂቃ ስጡት። ይህን ሳናውቅ «ምርታችን ግማሹ ሌላ ነገር ነው» ብለን ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል።

አንድ ደስ የሚል ሙከራም አለ፦ ከምርቱ ጥቂት፣ ከትኩስ የድንች ጭማቂ ጥቂትና የስታርች ቅንጣት በአንድ መሞከሪያ ቱቦ፣ ፎስፌት ሳይጨመር። ኢንዛይሙ ወደ ኋላ ሄዶ ስታርች ይሠራል፣ አዮዲን ሲነካው ሰማያዊው እየደመቀ ይሄዳል። ተማሪ ሚዛን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ወደ ሌሎቹ

ግሉኮስ-6-ፎስፌት የሚያስፈልገው ሰው ፎስፎግሉኮሙቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ይጨምር፤ ከማግኒዥየምና ከቅንጣት ግሉኮስ-1,6-ቢስፎስፌት ጋር ሚዛኑ 95 በመቶ ገደማ ወደ ስድስተኛው ያዘነብላል። የዚህ ውሁድ ትልቁ ፈላጊ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ምርመራ ነው፣ የወባ መድኃኒቱ ፕሪማኩዊን ከመታዘዙ በፊት በወባ ሕመምተኛ ላይ የሚደረገው። ይሁን እንጂ በእጅ የተሠራውን ለማስተማሪያ እንጂ ለሕመምተኛ ምርመራ አታውሉት።

በስታርች ፈንታ ተራ ስኳር መጠቀም የሚሻ ደግሞ ሱክሮዝ ፎስፎሪሌዝ ያስፈልገዋል። የወንጂን ስኳር በፎስፌት ቆርጦ ግሉኮስ-1-ፎስፌትና ፍሩክቶስ ይሰጣል፤ ሚዛኑም ከድንቹ ይልቅ ወደ ምርቱ ያደላል፣ ሙጫ የሚሆን ስታርችም አይተርፍም። ኢንዛይሙ ግን ከባክቴሪያ የሚገኝ ነው፣ ከጉልት አይገዛም። ባክቴሪያውን የሚያሳድግ ክፍል ያላችሁ ይህን መንገድ ምረጡ፣ እኔም ቢኖረኝ ድንቹን እተው ነበር። ፎስፌቱን መለየቱ በሁለቱም አንድ ነው።

የደረቀውን ክሪስታል በጠባብ ጠርሙስ፣ በማቀዝቀዣ፣ ከእርጥበት ማስወገጃ ጋር አኑሩ። ስትመዝኑ ከነውኃው የሞለኪውል ክብደቱን 372 ብላችሁ አስሉ። በጠርሙሱ ላይ ስሙን፣ «አይበላም» የሚለውን፣ ቀኑንም ጻፉ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ፣ ባለፈው ዓመት ስምንት ዓመት ያለፈበት መስሎን ልንጥለው የነበረ ጠርሙስ የተሠራው በዚያው ሰሞን ነበርና።